መረግድና ምትኮቹ፦ ስለ አረንጓዴ ዕንቁዎች ስምና ባሕርይ ታሪካዊ ማስታወሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምንኖርበት ከተማ ወገኖቻችን ለዘመን መለወጫ በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ወይዘሮ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው መዳፋችን ላይ አኖሩና፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ይህ መረግድ መሆን አለመሆኑን ንገሩኝ» አሉን። ቀለበቱ ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባት ሲሰጧቸው «መረግድ ነው» ብለው ነበር፤ ከአገር ሲወጡም ይዘዋቸው ከወጧቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ይኸው ቀለበት ነበረ። አሁን የልጅ ልጃቸው ኮሌጅ ሊገባ ስለሆነ ዋጋውን ለማወቅ ወደ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ወስደውት ኖሮ፣ ባለሱቁ ብርሃን ላይ ለአፍታ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ ድንጋዩ ብርጭቆ ስለሆነ የወርቁን ዋጋ ብቻ እከፍላለሁ ብሏቸዋል። ወይዘሮዋን ያስከፋቸው የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም። ባለሱቁ የተናገረው እውነት ከሆነ አባታቸው ወይ ተታልለዋል፣ ወይ አታልለዋል ማለት ነው።

እኛ የታሪክ እንጂ የድንጋይ ተማሪዎች ባለመሆናችን በዚያ ምሽት የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። በሳምንቱ ግን ቀለበቱን ዕንቁ በመመርመር ሙያ ወደ ሠለጠነ ሰው ዘንድ ወሰድነው። መርማሪው በአጉሊ መነጽር ከላይ ወደ ታች አይቶ፣ እኛም እንድናይ መነጽሩን ሰጠን። ከድንጋዩ ጀርባ ያሉት የጠርዝ መስመሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። ብርጭቆ ብርሃንን ለሁለት አይከፍልምና እንዲህ ሊያሳይ አይችልም፤ መረግድም ቢሆን የሚከፍለው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ድንጋዩ ብርጭቆም መረግድም ያልሆነ፣ ዛሬ ፔሪዶት የሚባለው እውነተኛ ዕንቁ ኖሯል። እንግዲህ ባለሱቁም ተሳስቷል፣ አባትየውም ተሳስተዋል ማለት ነው? ስለ ባለሱቁ የምንለው የለንም። የአባትየው ጉዳይ ግን ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚወስድ ስለሆነ፣ ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ምክንያት ሆነን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን።

በዛሬው ሳይንስ መረግድ የሚባለው ቤሪል ከተሰኘው ማዕድን አንዱ ዓይነት ነው። ቤሪል ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክሲጅን የተሠራ ሲሆን ንጹሑ ቀለም የለውም። ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም በጥቂቱ ሲገባበት ያን ጥልቅ አረንጓዴ ቀለም ያገኛል። በሞኽስ መለኪያ ጥንካሬው ከ7.5 እስከ 8 ነው፤ ክብደቱም ተመጣጣኝ መጠን ካለው ውኃ 2.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ፔሪዶት በአንጻሩ የማግኒዚየምና የብረት ሲሊኬት ነው፤ ጥንካሬው ከ6.5 እስከ 7፣ ክብደቱም ከውኃ 3.3 እጥፍ ያህል ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ስለሆነ አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ሁለቱ ድንጋዮች በተፈጥሯቸው ዝምድና የላቸውም። የሚያገናኛቸው ቀለማቸው ነው፤ ለብዙ ዘመናትም የሰው ልጅ ድንጋይን የሚለይበት ዋናው መመዘኛ ቀለም ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለ ድንጋዮች የጻፈው የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ «ስማራግዶስ» ስለሚባለው ድንጋይ ሲተርክ፣ የባቢሎን ንጉሥ ለግብፅ ንጉሥ አራት ክንድ ርዝመትና ሦስት ክንድ ወርድ ያለው ስማራግዶስ እንደ ላከ የሚነገረውን ይጠቅሳል። ይህን የሚያህል መረግድ በምድር ላይ አልታየም። ቴዎፍራስጦስ ራሱ የዋህ አልነበረም፤ በጢሮስ ቤተ መቅደስ ስለ ቆመው ዓምድ ሲናገር ምናልባት «ሐሰተኛ ስማራግዶስ» ይሆናል ብሎ ይጠራጠራል፤ በቆጵሮስ የመዳብ ጉድጓዶች የሚገኝ እንዲህ ያለ ዓይነት እንዳለም ይመሰክራል። ዛሬ ስናነበው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከመዳብ ጋር የሚወጣው አረንጓዴ ድንጋይ ማላካይት ወይም የእርሱ ቢጤ ነው።

ከእርሱ ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ሮማዊው ፕሊኒ በ37ኛው መጽሐፉ ለዚሁ ድንጋይ ከአልማዝና ከሉል ቀጥሎ ሦስተኛውን ማዕረግ ይሰጠዋል። ዕንቁ ቀራጮች የደከመ ዓይናቸውን እርሱን በማየት እንደሚያሳርፉ፣ ኔሮን ቄሣርም የግላዲያተሮችን ፍልሚያ በስማራግዱስ ይመለከት እንደ ነበር ይነግረናል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ድንጋዩን በአሥራ ሁለት ዓይነት መክፈሉ ነው። የእስኩቴስ፣ የባክትሪያና የግብፅ የሚላቸውን ሦስቱን አስቀድሞ፣ የቀሩትን በመዳብ ማዕድን ውስጥ የሚገኙ ይላቸዋል። ከአሥራ ሁለቱ በዛሬው አጠራር መረግድ ሊባሉ የሚችሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ፕሊኒ ግን አልዋሸም። በእርሱ ዘመን ስማራግዱስ ማለት የከበረ አረንጓዴ ድንጋይ ማለት እንጂ ክሮሚየም ያለበት ቤሪል ማለት አልነበረም።

ቃሉ ወደ እኛ የመጣው ይህንኑ ሰፊ ትርጉሙን እንደ ያዘ ነው። በአክሱም ዘመን መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 የሊቀ ካህናቱን የደረት ልብስ አሥራ ሁለት ዕንቁዎች፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ደግሞ የአዲሲቱን ኢየሩሳሌም አሥራ ሁለት መሠረቶች ስም መተርጎም ነበረባቸው። ከዚህ የበለጠ አስቸጋሪ የትርጉም ሥራ ማሰብ ያዳግታል። የዕብራይስጡን ስሞች ግሪኮቹ በግምት ተርጉመዋቸዋል፤ የግሪኩን ደግሞ ሌሎች ሕዝቦች እንደ ሰሙት ተቀብለዋቸዋል። «መረግድ» የሚለው የግእዝ ቃል የመጀመሪያዋ «ስ» ከተጣለችበት «ማራግዶስ» ከሚለው የግሪክኛው አጠራር ጋር በቅርብ ይገጥማል። የሕንዶቹ ሳንስክሪት «ማራካታ» ይለዋል፤ ዕብራይስጡ «ባሬቄት»፣ ዐረብኛው «ዙሙሩድ»። ቃሉ ከየትኛው ቋንቋ ተነሥቶ ወደ የትኛው እንደ ሄደ ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ። ከሴማውያን ወገን ነው የሚሉት «በረቀ» ወደሚለው ሥር ይመልሱታል። ይህ ሥር «መብረቅ» እና «አብረቀረቀ» በሚሉት ቃሎቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ ስላለ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህ አስተያየት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ሁሉ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም።

አሁን ከቃሉ ወደ ድንጋዩ እንመለስ። በጥንቱ ዓለም ከሚታወቁት የመረግድ ማዕድኖች ዋናው በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ፣ ከቀይ ባሕር ብዙም ሳይርቅ፣ ሲካይትና ዛባራ በሚባሉት ሸለቆዎች የሚገኘው ነው። ሮማውያን አካባቢውን «የመረግድ ተራራ» ብለው ይጠሩት ነበር። የሮማ ኀይል ሲደክም ቦታው ብሌምያውያን በሚባሉት የበረሃ ሰዎች እጅ ገባ። የቴብሱ ኦሊምፒዮዶሮስ በ420ዎቹ ዓመታት ወደ እነርሱ ዘንድ ሄዶ የመረግዱን ጉድጓድ ለማየት ቢመኝ፣ ያለ ንጉሣቸው ፈቃድ አይቻልም ስለ ተባለ ሳያይ መመለሱን ጽፏል። ሌላው ቀርቶ ወደ ዘመናችን ቀርበን ብናይ፣ ፈረንሳዊው ካዮ በ1816 እና በ1817 ዳግመኛ እስኪደርስበት ድረስ ሥፍራው ለአውሮፓውያን በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ ነበረ።

ከዚህ ላይ ለአገራችን ታሪክ ተማሪ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ምስክርነት ይመጣል። በአፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስን ያየው፣ በዚያ የነበረውን የድንጋይ ጽሑፍም ገልብጦ ያቆየን ነጋዴ ኮስማስ፣ በመጽሐፉ 11ኛ ክፍል ስለ ሕንድና ስለ ነጭ ሁኖች ሲናገር፣ እነዚያ ሕዝቦች መረግድን እጅግ እንደሚወዱ፣ ኢትዮጵያውያንም ድንጋዩን ከብሌምያውያን አግኝተው ወደ ሕንድ እንደሚወስዱትና በሚያገኙት ዋጋ ከፍተኛ ግምት ያላቸውን ሸቀጦች እንደሚገዙበት ይገልጻል። ኮስማስ ኢትዮጵያውያን የሚላቸው አክሱማውያንን ነው። አጭር ቃል ነው፤ የያዘው ነገር ግን ብዙ ነው። አክሱም በራሷ ምድር ያልወጣን ድንጋይ ከአንዱ ጎረቤት ተቀብላ ባሕር ተሻግራ ትሸጥ እንደ ነበረ፣ በዚህም ንግድ የሚታመኑ ዋጋ አዋቂዎች ሊኖሯት ግድ እንደ ሆነ ያሳያል። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት የማይችል ነጋዴ በሕንድ ገበያ አንድ ጊዜ ቢያተርፍ ሁለተኛ አይመለስም።

ምስክርነቱ የማይለውን ግን ልንጭንበት አይገባም። ኮስማስ አክሱም የመረግድ ማዕድን ነበራት አላለም። በስደት የምንኖር ጸሐፊዎች አገራችንን ለባዕዳን ለማስተዋወቅ ካለን ጉጉት የተነሣ፣ ንግድን ማዕድን፣ ማለፊያ መንገድን ምንጭ የማድረግ ፈተና ይገጥመናል፤ ይህ ጸሐፊም ከዚህ ፈተና ነጻ ነኝ አይልም። ደላላነት በአገራችን አነጋገር ክብር የጎደለው ሙያ ይመስላል። በስድስተኛው ምዕት ዓመት ቀይ ባሕር ላይ ግን ደላላ መሆን ማለት የመርከብ፣ የቋንቋና የዲፕሎማሲ ባለቤት መሆን ማለት ነበር።

በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ከበረኒቄ ወደብ አቅራቢያ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ዐረቦች ዘበርገድ ይሏታል። አጋታርኪደስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምዕት ዓመት ስለ እርሷ ሲጽፍ፣ የቀድሞ ስሟ የእባብ ደሴት እንደ ነበረ፣ በንጉሥ ትእዛዝ የሚጠብቋት ዘበኞች እንደ ነበሯት፣ በእርሷም ላይ የሚገኘው «ቶጳዝዮን» የተባለ ድንጋይ ቀን ሳይሆን ሌሊት እንደሚታይ ይተርካል። የሌሊቱን ነገር ለተረት እንተወው። ድንጋዩ ግን ዛሬ ፔሪዶት የምንለው ነው። ቶጳዝ የሚለው ስም ከጊዜ በኋላ ከዚህ አረንጓዴ ድንጋይ ወጥቶ ፈጽሞ ወደማይዛመደው ወደ ሌላ ዕንቁ ተሻገረ። ዘበርጀድ የሚለው የዐረብኛ ቃል ደግሞ በአንዳንዶቹ ጸሐፊዎች ዘንድ ከዙሙሩድ የተለየ፣ በሌሎቹ ዘንድ ያው ራሱ ነው። በ11ኛው ምዕት ዓመት ስለ ዕንቁዎች የጻፈው ታላቁ አል ቢሩኒ የድንጋዮችን አንጻራዊ ክብደት በውኃ እየመዘነ ለመለየት የተነሣው እንዲህ ያለው የስም መደበላለቅ በሰፈነበት ዓለም ነው። በዓይን ከማየት ወደ መመዘን የተደረገው ይህ ሽግግር ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ እርሱ የጀመረው ሥራ በአውሮፓ እስኪለመድ ብዙ መቶ ዓመታት ወስዷል።

መረግዱ በተራራው፣ ፔሪዶቱ በደሴቱ፣ የሁለቱም መውጫ አንድ ባሕር፤ የሚሸከሟቸው መርከቦችና የሚገዟቸው ሰዎችም ያው ናቸው። ቀለበት ሰጥተው ያለፉት አባት ፔሪዶቱን መረግድ ቢሉ፣ የተናገሩት በዚህ በቆየው ልማድ እንጂ በስሕተት ወይም በተንኮል አይደለም።

ተንኮሉ ግን አልነበረም ማለት አይደለም። በስቶክሆልም ተጠብቆ የሚገኘው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምዕት ዓመት በግብፅ በግሪክኛ የተጻፈ ፓፒሩስ፣ ተራውን ክሪስታል እያሞቁ በመዳብ ዝገትና በመሳሰሉት በማቅለም መረግድ የሚያስመስሉበትን ስልት በየዓይነቱ ይዘረዝራል። የሚገርመው የሥራው ጥራት ነው፤ ጸሐፊው እንደ ወጥ ቤት አዋቂ መጠኑን፣ ጊዜውን፣ የእሳቱን ልክ ያዝዛል። መረግድ ስንጥቅ የማያጣው ድንጋይ በመሆኑ ዛሬም ዘይት ይጠጣል፤ የዝግባ እንጨት ዘይት ወይም ሙጫ ወደ ስንጥቁ ሲገባ ድንጋዩ የጠራ ይመስላል። ገዢው እስከ ተነገረው ድረስ ንግዱ ይህን እንደ ነውር አይቆጥረውም። ነውሩ መደበቁ ነው።

ከአስመሳይ መረግዶች ሁሉ የታወቀው በጄኖቫ ካቴድራል የሚገኘው ስድስት ማዕዘን ያለው አረንጓዴ ሳሕን ነው። ጄኖቫውያን በ1101 የቂሣርያን ከተማ በያዙ ጊዜ አግኝተው፣ መረግድ መስሏቸው ከምርኮው ድርሻቸው በብዙ ገንዘብ ሒሳብ እንደ ተቀበሉት የጢሮሱ ዊልያም ጽፏል። ኋላም ጌታችን በመጨረሻው እራት የተጠቀመበት ነው ተባለ። ለሰባት መቶ ዓመት ያህል የከተማይቱ ክብር ሆኖ ኖረ። በ1806 ናፖሊዮን ወደ ፓሪስ አስወሰደው፤ በ1816 ሲመለስ ተሰባብሮ ደረሰ። ብርጭቆ መሆኑ የተረጋገጠው በዚያ ዘመን ነው። ጄኖቫውያን ግን አልጣሉትም፤ አስጠግነው እስከ ዛሬ በክብር ይዘውታል።

ወደ አዲሱ ዓለም የዘመቱት ስፔናውያንና ፖርቱጋሎች ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሜክሲኮ ሲደርሱ ሕዝቡ ከወርቅ አስበልጦ የሚያከብረውን አረንጓዴ ጄድ መረግድ እያሉ ጽፈዋል። እውነተኛውን መረግድ ያገኙት ዛሬ ኮሎምቢያ በምትባለው ምድር ነው፤ በ1537 ቺቮር ደረሱ፣ ሙዞን ለመያዝ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀባቸው። ከዚያ የወጣው ድንጋይ በጥራቱም በመጠኑም ከግብፁ እጅግ ስለሚበልጥ የጥንቱ የቀይ ባሕር ማዕድን ዋጋ አጣ፤ የሕንድ ሞጉል ነገሥታትም ግምጃ ቤታቸውን በእርሱ ሞሉ። በብራዚል ደግሞ ፈርናኦ ዲያስ ፓይስ የተባለው ሰው በ1674 ከሳኦ ፓውሎ ተነሥቶ መረግድ ፍለጋ ወደ ውስጥ አገር ገባ። ሰባት ዓመት ተንከራተተ። አረንጓዴ ድንጋዮች ባገኘ ጊዜ ምኞቱ የተፈጸመ መስሎት በ1681 በዚያው ሞተ። ድንጋዮቹ ቱርማሊን ነበሩ። የአገሩ ታሪክ ግን እስከ ዛሬ «የመረግድ አዳኙ» ይለዋል።

ስምና ባሕርይ የተለያዩት በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ነው። ፈረንሳዊው ቮክለን በ1797 ክሮሚየምን አገኘ፤ በዓመቱም አዩዊ የመረግድና የቤሪል ክሪስታሎች ቅርጽ አንድ መሆኑን ስላመለከተው ሁለቱን መርምሮ ቤሪሊየም የምንለውን አዲስ ንጥረ ነገር ለየ። የመረግድ አረንጓዴነት ከክሮሚየም መሆኑም በዚያን ጊዜ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ መረግድ መባል በቀለም ሳይሆን በባሕርይ ሆነ። ሞኽስ በ1812 የጥንካሬ መለኪያውን አወጣ። ትልቁን የታሪክ ጥያቄ የመለሰው ግን የቅርቡ ሳይንስ ነው፤ በ2000 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በመረግድ ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን ዓይነት እየለኩ የየአገሩን ምንጭ ለዩ። በዚህም ሮማውያን በያዟት በጎል ምድር የተገኘ የጆሮ ጌጥ መረግዱ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ካለው ከስዋት ሸለቆ፣ የቅዱስ ሉዊ ዘውድ መረግድ ደግሞ ከኦስትሪያ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ በጥንቱ ዓለም መረግድ የሚሸጥ የግብፅ ምድር ብቻ አልነበረም፤ የኮስማስም ቃል ከዚህ አንጻር እንደገና መነበብ ይኖርበታል። ሕንዶች ለእነርሱ የሚቀርበው ስዋት እያለ ከብሌምያውያን የመጣውን በዋጋ ከገዙ፣ የአክሱም ነጋዴዎች በጥራት ወይም በአቅርቦት የሚወዳደሩት ተፎካካሪ ነበራቸው ማለት ነው።

ነጋዴዎች ግን የጥንቱን ስም በቀላሉ አልለቀቁም። ስሙ ሲያምር ዋጋው ያምራልና፣ ከመረግድ ላይ የአገር ወይም የጊዜ ቅጽል መለጠፍ ጀመሩ። አረንጓዴው ሰንፔር «የምሥራቅ መረግድ»፣ ፔሪዶቱ «የምሽት መረግድ»፣ የብራዚሉ ቱርማሊን «የብራዚል መረግድ»፣ ከሩሲያ ተራሮች የሚወጣው ዴማንቶይድ የተባለ ጋርኔት «የኡራል መረግድ»፣ ለስላሳው ፍሎራይት እንኳ «የአፍሪካ መረግድ» ተባለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ልማድ መሠረት መረግድ ላይ የአገር ስም ከተጨመረበት አብዛኛውን ጊዜ መረግድ አይደለም።

እነዚህ ምትኮች የተናቁ ናቸው ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ዴማንቶይድ ብርሃንን ከአልማዝ በሚበልጥ ኀይል ወደ ቀለማት ይበትናል። በ1967 ካምቤል ብሪጅስ በታንዛንያ ያገኘው፣ ኋላም ከድንበር ማዶ በኬንያ የተቆፈረው አረንጓዴ ጋርኔት፣ በ1974 በሳቮ ፓርክ ስም ሳቮራይት ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ዘይት አይጠጣም፣ ቀለሙም ከመልካም መረግድ ጋር ይቀራረባል፤ ይሁን እንጂ ትልልቅ ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ነው። አግኚው በ2009 በማዕድኑ ይዞታ በተነሣ ጠብ ተገደለ። አረንጓዴው ቱርማሊን ለዕለት ጌጥ የሚበቃ ጥንካሬ አለው። ዳዮፕሳይድ ያማረ ቀለም ቢኖረውም ለቀለበት ሳይሆን ለጆሮ ጌጥ ወይም ለአንገት ሐብል ይሻላል፤ በቀላሉ ይጫራልና። ጄድ ከሁሉም የተለየ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብርሃንን እንደ መረግድ አጥርቶ የማያሳልፍ ቢሆንም ከመረግድ ይልቅ ስብራትን ይችላል። ፔሪዶትን በተመለከተ የእኛን አስተያየት ብንሰጥ፣ በቀን ብርሃን የተመለከተው ሰው መረግድ አለመሆኑን ለማዘን ምክንያት አያገኝም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሰው ራሱ በምድጃ የሚያሳድገው መረግድ አለ፤ በኬሚስትሪው እውነተኛ መረግድ ስለሆነ ሐሰት የሚሆነው ከምድር የወጣ ነው ተብሎ ሲሸጥ ብቻ ነው። በ1934 በለንደን የተሠራው ቼልሲ የሚባለው ማጣሪያ መረግድን ቀይ አድርጎ ያሳያል ተብሎ ብዙ ታምኖበት ነበር። ኋላ ግን ብረት የበዛባቸው የአፍሪካና የሕንድ መረግዶች ብዙዎቹ ሳይቀሉ፣ በምድጃ ያደጉት እጅግ ቀልተው ስለሚታዩ፣ በእርሱ ብቻ የሚፈርድ ሰው እውነተኛውን ጥሎ ሠራሹን ይወስዳል።

በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው፣ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድም ስለ ምትክ የሚያስተምረን አለ። ዘውዱ ከእቴጌ ምንትዋብና ከልጃቸው ከአፄ ኢያሱ ጋር የተያያዘ፣ ለጎንደር ቁስቋም የተሰጠ ነው። በላዩ ያሉት ጌጦች የብርጭቆ ዶቃዎች ናቸው። ያንን ዘውድ የሠሩ አንጥረኞች ማንንም ለማታለል አልተነሡም፤ ቀለሙን ፈልገው ቀለሙን አስቀመጡ። የምዕራብ አገር የሙዚየም ጎብኚ «ብርጭቆ ነው እኮ» ሲል የሰማነው ጊዜ ነበረ። ጄኖቫውያን ሳሕናቸውን እንዳልጣሉ ልንነግረው አስበን፣ ሙዚየሙ ሊዘጋ ደርሶ ስለ ነበረ ተውነው።

የታሪኩ የቅርብ ምዕራፍ በገዛ አገራችን ተከፍቷል። በ2016 በኦሮሚያ፣ በጉጂ ዞን፣ በሻኪሶ አካባቢ የአገሬው ሰዎች መረግድ አገኙ፤ በዓመቱ ድንጋዩ በዓለም ገበያ ታወቀ። አካባቢው ለማዕድን እንግዳ አልነበረም፤ የለገደምቢ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም ከዚያው ነው። መረግድ እንዲፈጠር በተፈጥሮ ብዙ ጊዜ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ ቤሪሊየም ከግራናይት ወገን ከሆነው ፔግማታይት ይመጣል፤ ክሮሚየም ደግሞ ከምድር ጥልቅ ከወጣው ጥቁር ድንጋይ። በጉጂ ምድር ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከሻኪሶ የሚወጣው መልካሙ ድንጋይ ዘይት ሳይፈልግ የሚጠራ መሆኑን አዋቂዎች መስክረዋል። ኮስማስ ካየው ዘመን ወደ አሥራ አምስት ምዕት ዓመት ዘግይቶ፣ «የኢትዮጵያ መረግድ» የሚለው ስም ያ የነጋዴዎች ልማድ የማይደርስበት፣ የአገር ስም ተጨምሮበትም መረግድነቱን ያልለቀቀ ስም ሆነ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። በአገር ቤት ጋዜጦችና ማስታወቂያዎች ላይ ይህ ድንጋይ በአብዛኛው «ኤመራልድ» እየተባለ ሲጻፍ እናያለን። ሳቮራይትና ዴማንቶይድ በእኛ ቋንቋ ስም አልነበራቸውምና እንደ መጡ እንቀበላቸው። መረግድ ግን ከግእዝ ጀምሮ በእጃችን ያለ፣ እያንዳንዱ ካህን በራእይ ውስጥ የሚያነበው ቃል ነው። ሰፊ የነበረው ትርጉሙ እንደ ግሪኩና እንደ ላቲኑ ወደ አንድ ድንጋይ ቢጠብ ምንም ችግር የለውም፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ወገኖች መረግድን ለቤሪሉ ሰጥተው፣ ፔሪዶትን በራሱ ስም ቢመዘግቡት፣ የቀድሞውን ሰፊ አጠቃቀምም በግርጌ ቢያመለክቱ በቂ ነው። የሻኪሶው ቆፋሪ ልጅም ያገኘውን ድንጋይ በገዛ ቋንቋው ጠርቶ ዋጋ ሊነጋገርበት ይችላል።

ወይዘሮዋ ዘንድ ቀለበቱን መልሰን ስንወስድ የመርማሪውን ውጤት አስረዳናቸው። ብርጭቆ አለመሆኑን ሲሰሙ እፎይ አሉ፤ መረግድ አለመሆኑን ሲሰሙ ግን ለጊዜው ዝም ብለው ቆዩ። የዘበርገድን ደሴት ነገርና ስሙ በጥንት ጊዜ ሁለቱንም ድንጋዮች ይጠራ እንደ ነበረ ነገርናቸው። «አባቴ አልዋሹም በሉኛ» አሉ። አልዋሹም አልናቸው። የልጅ ልጃቸው ሊያነበው እንዲችል «ፔሪዶት» የሚለውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በወረቀት ላይ ጻፉልኝ ብለው፣ ወረቀቱን አጥፈው ከቀለበቱ ጋር በሣጥኑ አስቀመጡት። ለልጁ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍያ የወጣው በዚያ ወር ከደረሳቸው ዕቁብ ነው።